ጣፊያ ከወጣ በኋላ

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር። ተናጋሪዋ የማኅበራችን አባልና በጡረታ ላይ ያሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናቸው።)



የሥራ አመራር ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ስለ ጣፊያ ነው። አጀንዳው ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ፤ አይፈረድባችሁም። ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ማሕፀን ብዙ ሰምተናል። ጣፊያን ግን የምናውቀው በግ ሲታረድ ነው፤ ጨጓራው ላይ ተለጥፎ የሚገኘው ጠቆር ያለው ቀይ ሥጋ። ከዚያ ውጪ ስሙ የሚነሳው ወባ የደጋገመው ሰው ሆዱ ሲነፋ «ጣፊያው አብጦ ነው» ሲባል ብቻ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ለእውቀት ያህል አይደለም። ከምሳ በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለ። የአንዲት አባላችን ልጅ፣ የ24 ዓመት ወጣት፣ ጣፊያዋ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ሐኪሞቿ መክረዋታል፤ እሷም ተስማምታለች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ እናቷም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። የመረዳጃ ገንዘባችን ደንብ «የቀዶ ጥገና ወጪ» ይላል። ሆስፒታሉ በሚሰጠው ፕሮፎርማ መሠረት ይከፈላል፣ ሕመምተኛዋ ከሆስፒታል በወጣች ቀን ፋይሉ ይዘጋል። ለብዙ ቀዶ ጥገና ይህ ይበቃል። ለጣፊያ ግን አይበቃም፤ ደንባችን ዘግይቶ ይጀምራል፣ ቀድሞም ያቆማል። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር፣ ከጨጓራ ኋላ ተደብቆ ይቀመጣል። በጤነኛ አዋቂ ሰው ቡጢ ያህላል፣ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በእጅ ሲዳሰስም አይገኝም። ዋና ሥራው ደምን ማጣራት ነው። እንደ ወንፊት አስቡት። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ተወልዶ 120 ቀን ያህል ያገለግላል። ሲያረጅ እንደ ልብ መተጣጠፍ ስለማይችል በጣፊያ ጠባብ ቀዳዳዎች ማለፍ ያቅተዋል፤ እዚያው ተይዞ ይፈርሳል። በደም ውስጥ ገብተው የሚዞሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም በዚሁ ወንፊት ይያዛሉ። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ በጣም ትናንሽ ነገሮች አሉ። ስንቆረጥ ተሰባስበው ቀዳዳውን የሚደፍኑ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ እነሱ ናቸው። በጤነኛ ሰው በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይቆጠራሉ። የልጃችን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ 12,000 ነበር። ምክንያቱ ደግሞ መቅኒዋ ማምረት ስላቃተው አልነበረም። የሰውነቷ የመከላከያ ኃይል የገዛ ፕላትሌቶቿን እንደ ጠላት ቆጥሮ ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ ጣፊያ ደግሞ ምልክት ያየበትን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይበላል። ሐኪሞች ይህን በሽታ በአጭሩ አይቲፒ ይሉታል። በወጣትነት ዕድሜ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ የእኛ ጉዳይ ነው።

እንዴት ጀመራት? እግሯ ላይ ቁንጫ የነከሰ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጡ። በጣት ሲጫኑት ሽፍታ ይደበዝዛል፤ እነዚህ ግን አይደበዝዙም፣ ምክንያቱም ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ናቸው። ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል። የወር አበባዋ አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን መቆየት ጀመረ፤ ይህንን ለእናቷ እንኳ ለመናገር ወራት ፈጅቶባታል። ከሁሉ የባሰው ክንዷና ጭኗ ላይ ምንም ሳይመታት የሚወጣው ሰማያዊ ብልዝ ነበር። ጎረቤት ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም፤ እጮኛዋ ይደበድባታል ተባለ። ልጁ ስሙ ጠፋ፣ እሷ ሐፍረት ገባት፣ በሙቀት እጅጌ ረጅም ልብስ መልበስ ጀመረች። እህቶቼ፣ በብልዝ የተሸፈነች ሴት ስታዩ ድብደባ መሆኑን መጠርጠራችሁ ትክክል ነው፣ ጠርጥሩ፣ ጠይቁም። ብቻ አብራችሁ «ደምሽን ተመርምረሻል?» በሏት። የደም ቆጠራ ምርመራ ብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩት ተራ ምርመራ ነው።

ጣፊያን ማውጣት ለዚህ በሽታ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ያሰበው ማን እንደሆነ ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ፖል ካዝኔልሰን የሚባል በፕራግ የሚማር የሕክምና ተማሪ ነው፤ ፕሮፌሰር አይደለም፣ ተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1916 አንዲት ለረጅም ጊዜ የደማች ሴት አይቶ፣ ፕላትሌቶቹን የሚያጠፋቸው ጣፊያዋ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አስተማሪውን አሳመነ። ጣፊያዋ ወጣ፣ ፕላትሌቷም ወዲያው ወደ ላይ ወጣ። ምልክቱን የሚለጥፈው ነገር ደም ውስጥ መኖሩ የታወቀው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዊልያም ሃሪንግተን የተባለ ወጣት ሐኪም ከአንዲት የአይቲፒ ሕመምተኛ ደም ቀድቶ ለራሱ ሰጠ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የገዛ ፕላትሌቱ አሽቆለቆለና ከባድ ሕመም ላይ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላ ግን ዳነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ታተመ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም፤ እኔም አልመክርም። ግን በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ደማቸውን የሰጡ ሴቶች አሉ። የሐኪሞቹን ስም ሳነሳ እነሱንም አስባለሁ።

ጣፊያ የሚወጣው ግን የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ፕላትሌትን ዝቅ የሚያደርጉ ሌሎች ምክንያቶች ይፈተሻሉ፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሉፐስ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች። እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው የጨጓራ ባክቴሪያም ይታያል፤ እሱን በማከም ብቻ ፕላትሌታቸው ከፍ ያለላቸው ሰዎች አሉ። ከዚያ ፕሬድኒሶሎን ይጀመራል። ይህ መድኃኒት ብዙዎችን ያነሳል። ግን ለወራት ሲወሰድ ፊት ያብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ልጃችን ጉንጯ ሲሞላ ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ አማረብሽ» ይላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ቤቷ ገብታ ታለቅስ ነበር። መድኃኒቱ ሲቀነስ ፕላትሌቷ ተመልሶ ይወድቃል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ።

ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በራሱ የሚሻላቸው ሰዎች ስላሉ፣ ዛሬ ሐኪሞች ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላ ጣፊያ ለማውጣት አይቸኩሉም። ልጃችን ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗታል። በሀብታም አገሮች አሁን መቅኒ ብዙ ፕላትሌት እንዲያመርት የሚገፋፉ መድኃኒቶች አሉ። ኤልትሮምቦፓግ የሚባለው ክኒን አንዱ ነው፤ በየቀኑ ይዋጣል፣ ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ተራርቆ። በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት እዚያ የጣፊያ ቀዶ ጥገና ቀንሷል። አንዳንዶች ይህን ሰምተው «ታዲያ ቀዶ ጥገናው የድሃ አገር ሕክምና ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጣፊያቸው ከወጣ ሰዎች ሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ለረጅም ጊዜ ያለ መድኃኒት ይኖራሉ፤ ክኒኑ ግን ብዙውን ጊዜ ሲቆም ውጤቱም አብሮ ይቆማል። በየወሩ ውድ መድኃኒት መግዛት ለማይችል ቤተሰብ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ሕክምና ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ «የሚያበቃ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ወደዚያ እየመጣሁ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለይ፤ ባለፈው ወር በቡና ሰዓት ስንጫወት ስለተደበላለቀ ነው። የልጃችን ጣፊያ አላበጠም፤ በአይቲፒ ጣፊያ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ጤነኛ ነው። ያበጠ ጣፊያ ሌላ ታሪክ ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ቃላዛር ጣፊያን እስከ እምብርት ድረስ ያሳብጣል፤ የሚታከመው በመድኃኒት እንጂ በቢላዋ አይደለም። የተደጋገመ ወባም ያሳብጣል። ቢልሃርዝያ ጉበትን ጎድቶ ደም ወደ ጣፊያ እንዲጠራቀም ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ ምክንያታቸው ይታከማል። ደግሞም ያበጠን ጣፊያ ጎን ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሱ፣ በምላጭ የሚበጡ ባለመድኃኒቶች ዛሬም አሉ። ፕላትሌቱ የወረደ ሰው ሲበጣ ደሙ አይቆምም። በዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም፤ ዘመድ ቢቆጣም አስቁሙ።

ከልጃችን በተለየ ሕመም ጣፊያቸው የሚወጣ ሰዎችም አሉ። ቀይ የደም ሕዋሳቸው በተፈጥሮ ድቡልቡል ሆኖ የሚወለዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ሕዋሱ በጣፊያ ውስጥ ማለፍ አቅቶት ያለ ዕድሜው ስለሚፈርስ ደም ማነስና ቢጫ ዓይን ያመጣል፣ ሐሞት ላይም ጠጠር ይሠራል። ለእነሱም ጣፊያ ማውጣት በጣም ይረዳል። ልጅ ከሆነ ግን በተቻለ መጠን ስድስት ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል። ታላሴሚያ የሚባለው የደም በሽታም አለ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ በብዛት የሚታይ፤ በእሱም አንዳንድ ሕመምተኞች ጣፊያቸው ይወጣል።

ቀዶ ጥገናውን በአጭሩ። በሆድ ላይ ረጅም ስንጥቅ ተሠርቶ ሊወጣ ይችላል፤ ባለሙያውና መሣሪያው ባለበት ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ይሠራል፤ ቁስሉ ቶሎ ይድናል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ፕላትሌት ከፍ እንዲል ይደረጋል። ቀዶ ሐኪሙ አጠገቡ ትንሽ ተጨማሪ ጣፊያ መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል፤ አንዳንድ ሰው ስትፈጠር ጀምሮ እንደ አተር የምታህል ሁለተኛ ጣፊያ አለችው፣ ከቀረች ሥራውን ትቀጥላለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆድ ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች ላይ ደም ሊረጋ ስለሚችል ቶሎ ተነስቶ መራመድ ያስፈልጋል፤ ከቀናት በኋላ የሆድ ሕመም ከመጣም ተመልሶ መታየት። ደም ሊያስፈልግ ይችላል፣ ስለዚህ ደም ለመስጠት የምትችሉ እህቶች ዛሬ ስማችሁን አስመዝግቡ። ይኸው ነው። በብዙ ሕመምተኞች ፕላትሌቱ በቀናት ውስጥ ሲያሻቅብ ይታያል፤ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ደስ ከሚሉ የላቦራቶሪ ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ወንፊቱ ሲወጣ ባክቴሪያ የሚይዘውም አብሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች በሕፃንነታቸው ጣፊያቸው የወጣ አምስት ልጆችን ታሪክ አሳተሙ፤ ከመካከላቸው በከባድ ኢንፌክሽን የተጠቁ ነበሩ። ከዚያ በፊት ጣፊያ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም የሚል እምነት ነበር። ዛሬ ጣፊያ የሌለው ሰው በተለይ በሦስት ባክቴሪያዎች በቀላሉ እንደሚጠቃ ይታወቃል። አንደኛው የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ ነው፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሁለተኛው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ፣ ሦስተኛው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ይባላል። ሦስቱም ቅባት እንደተቀባ ዓሣ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አላቸው፤ ከደም ውስጥ ለቅሞ ለመያዝ ጣፊያን የሚያህል የለም። ጣፊያ በሌለበት ደም ውስጥ ከገቡ ጠዋት ራስ ምታት ብቻ የነበረው ሰው በማግስቱ ላይኖር ይችላል። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ አብዛኞቹ ጣፊያ የሌላቸው ሰዎች ሳይደርስባቸው ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ሲደርስ ግን ከሚታመሙት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። አደጋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበረታል እንጂ በኋላም ፈጽሞ አይጠፋም።

በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንዲት ጉልት ቸርቻሪ እናት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ ብሏት ነበር። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጥቷታል፣ አሽቷታል፣ ጋቢ ደርቦ አስተኝቷታል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኛም ብንሆን ቤታችን የምናደርገው ያንኑ ነው። ሐኪሙ ሆዷን ሲያይ የቆየ ጠባሳ አገኘ። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባል ልጇ «ድሮ ደም ያንሳት ነበር፣ የሆነ ነገር አውጥተውላታል» አለ። የሆነ ነገር። ከዓመታት በፊት ቀዶ ጥገናው ከተደረገበት ቦታ የተሰጣት ወረቀት ላይ የተጻፈው የሁለት ሳምንት ዕረፍት ብቻ ነበር። ክትባት አልተሰጣትም፣ ትኩሳት ሲመጣ ምን እንደምታደርግ የነገራት የለም፣ ለልጆቿም የነገረ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች። ቀዶ ጥገናው ግን የተሳካ ነበር፤ ደም ማነሷ ድኖላት ነበር።

ይህን ለማስፈራራት አይደለም የማወራው። መከላከያው የታወቀ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ ክትባት ነው፣ ለሦስቱም ባክቴሪያዎች። ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። ቀኑ በተቆረጠለት ቀዶ ጥገና ክትባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይሰጣል፤ ጣፊያ ራሱ ክትባቱን ተምሮ የመከላከያ ኃይል ለመሥራት የሚረዳ አካል ነውና፣ ከመሄዱ በፊት ይሠራልን። ፕሬድኒሶሎን በብዛት በሚወሰድበት ሰዓት ክትባቱ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል ሐኪሟ ጊዜውን ይመርጣል፤ አንዳንዱ ክትባት እንደገና የሚደገምበት ጊዜም አለው። «ልጆቻችን እኮ ሁሉ ተከትበዋል» ትሉኝ ይሆናል። በአገራችን የሄሞፊለስ ክትባት በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ደግሞ በ2011 ነው። የእኛ የ24 ዓመት ልጅ ለሁለቱም አልደረሰችም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተሰጠው የማጅራት ገትር ዘመቻ ደርሷት ይሆናል፤ እሱ ግን «ኤ» የተባለውን አንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚከላከለው። አገራችን የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ናት። ለአዋቂ የሚሰጠውን ክትባት ፈልጎ፣ ገዝቶ፣ ቅዝቃዜው ሳይበላሽ አምጥቶ ማስወጋት የቤተሰቡ ሸክም ነው የሚሆነው። የእኛ ደንብ ገንዘብ የሚለቀው ደግሞ አልጋ ከተያዘ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ሳምንታት አልፈዋል።

ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ነው። ሕፃናት በየቀኑ ፔኒሲሊን ይወስዳሉ፤ አዋቂዎችም ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይታዘዝላቸዋል። ከዚያም በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሐኪም ያዘዘው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ሲያልፍ የሚለወጥ። ትኩሳት 38 ሲደርስ ወይም ማንቀጥቀጥ ሲጀምር የመጀመሪያው መጠን እዚያው ይዋጥና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ይዋጥና ይተኛ አላልኩም። ይዋጥና ይኬድ። «ሲነጋ እናያለን» የለም፣ «የአየር ለውጥ ነው» የለም። ሆስፒታል በር ላይ ከስም በፊት የሚነገረው «ጣፊያ የላትም» የሚለው ቃል ነው። እሱን ቃል የሰማ ሐኪም ታይፎይድና ታይፈስ ተመርመሪ ብሎ ወረፋ አያስይዛትም።

ወባም አለ። ጣፊያ የሌለውን ሰው ወባ ከሌላው አክርሮ ነው የሚይዘው። ልጃችን ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተማ ለሥራም ለለቅሶም ብትሄድ ሐኪም አማክራ መከላከያ ክኒን ወስዳ፣ በአጎበር ተኝታ መሆን አለበት። ውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም ዘመድ ጥየቃ ስትመጡ እንደዚያው። የውሻ ንክሻ ላይ ደግሞ ሁላችንም የምናስበው የእብድ ውሻ በሽታን ብቻ ነው። ጣፊያ ለሌለው ሰው በጤነኛ ውሻ አፍ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያም ይገድላል፤ ስለዚህ ንክሻው ትንሽ ቢሆንም ከእብድ ውሻ ክትባቱ በተጨማሪ አንቲባዮቲክ በዚያው ቀን።

እናቷ ያነሱልኝን ጥያቄዎች እዚህ ብመልስ ቅር እንደማይላቸው ነግረውኛል። «ትወልዳለች ወይ?» ትወልዳለች፤ ጣፊያ ከማሕፀን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ጣፊያዋ ወጥቶ የእሷ ፕላትሌት ሙሉ ቢሆንም፣ ያ ምልክት የሚለጥፈው ነገር በደሟ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የጽንሱን ፕላትሌት ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ላይ «ድሮ አይቲፒ ነበረብኝ» ማለት አለባት፣ ሕፃኑም ሲወለድ ደሙ ይታይ። «ትጾማለች?» ትጹም፤ መድኃኒቷን ግን ሰዓቱን ጠብቃ ትውሰድ፣ የንስሐ አባቷም ኢማሟም ቢሆኑ ለሕመምተኛ የሚሉት ይታወቃል። «ጠበልስ?» ትሂድ፤ ከመድኃኒቷ ጋር ትሂድ፣ እዚያ ሳለች ትኩሳት ከመጣ ግን ያን ሌሊት ተሳፍራ ሆስፒታል ትድረስ። ራቅ ካለ ጠበል ይልቅ ሆስፒታል የሚቀርበውን ትምረጥ። «የማታገባ ይመስሏታል» ብለውኝ ነበር እናቷ። ስሙ ጠፍቶ የነበረው እጮኛ በየቀጠሮው አብሯት የሚመላለሰው እሱ ነው፤ ለዚህኛው ጥያቄ እኔ የምጨምረው የለኝም።

በመካከሉ አንድ ነገር ልበል። በመኪና አደጋ ወይም በጠብ ጣፊያው ፈርሶ የወጣለት ባል፣ ወንድም፣ ልጅ ቤታችሁ ካለ እስካሁን ያልኩት በሙሉ ለእሱም ነው። ድንገት የወጣባቸው ሰዎች ክትባቱን ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ቆይተው ነው የሚወስዱት፤ ዓመታት ያለፋቸው ካልወሰዱም አሁን ይውሰዱ። ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።

ወደ ድምፁ ልምጣ። የምጠይቀው የደንቡ አንቀጽ እንዲሻሻል ነው። ለጣፊያ ቀዶ ጥገና የሚሰጠው እርዳታ ሐኪሙ ቀን እንደቆረጠ ለክትባቱ ይለቀቅ፤ በደረሰኝ ተከፍሎ የሚተካ ሳይሆን አስቀድሞ። የመጠባበቂያው አንቲባዮቲክና ጊዜው ሲያልፍ የሚለወጠው ከመረዳጃው ይሸፈን፣ ለሌሊት መጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም በቤተሰቡ እጅ ይቀመጥ። ሌሊት ታክሲ ስለጠፋ የሚሞት ሰው አለ፤ ስለዚህ መኪና ያላችሁ ሁለት አባላት ስልካችሁን ብትሰጡኝ ደግሞ ከገንዘቡ የተሻለ ነው።

ደጋፊዎቻችንን በግልጽ ልናገራችሁ። ለቀዶ ጥገና ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፤ አልጋ አለ፣ ቁስል አለ፣ ፎቶ የሚነሳ የዳነ ሰው አለ። ለክትባት ጠርሙስና መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ክኒን ፎቶ የለውም። በሪፖርታችን ላይ በሚመጣው ዓመት የምታዩት ምንም ያልሆነች ልጅ ነው። በዚህ ቅር እንዳትሉ።

ካርዱን አዘጋጅቻለሁ፤ መጠኑ የመታወቂያ ያህል ነው። «ጣፊያ የለኝም። ትኩሳት ካለኝ አሁኑኑ አንቲባዮቲክ እፈልጋለሁ» ይላል፣ ከኋላው የክትባቶቹ ቀን ይጻፍበታል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ እንዲሆን የሦስቱን ቋንቋ አባላት እርዳታ እፈልጋለሁ። ናሙናው ከመዝገብ ያዥዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከምሳ በፊት እያያችሁ ያልገባችሁ ቃል ካለ አስምሩበት።